ከቅጠሉ ወደ ጠብታው፦ መዓዛማ ዘይትን በቤት ውስጥ በልክ መጠቀም

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደብረ ወርቅ፣ ጓሮው ውስጥ አንድ የመድኃኒት ቅጠል የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት፣ ዳማ ከሴ ለምች፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለጉንፋን፣ አደስ ከለጋ ቅቤ ጋር ለጠጉር። ይህን ማንም በትምህርት ቤት አልተማረውም፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ የኖረ ነው። አሁን ግን ከአዲስ አበባም ከውጭም የሚመጣ ዘመድ ሌላ ነገር ይዞ እየገባ ነው። ጠቆር ያለች ትንሽ ጠርሙስ፣ በላይዋ ጠብታ ማውጫ ያላት፣ ሱቆች ኢሴንሻል ኦይል የሚሏት መዓዛማ ዘይት።

ጠርሙሷ ጠቃሚ ናት። የሚያሳስበኝ፣ ቅጠሉን በእፍኝ የለመደ እጅ ዘይቱንም በእፍኝ ልክ ማፍሰሱ ነው። አረቄ ያወጣ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ድፍድፉ እሳት ላይ ተጥዶ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ሲቀዘቅዝ የሚንጠባጠበው ትንሽ ነው፤ ኃይሉ ግን ከድፍድፉ ጋር አይወዳደርም። መዓዛማ ዘይትም የሚወጣው እንደዚሁ በእንፋሎት ነው። ከአንድ ኩንታል የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ ማንኪያ ዘይት መጠጣት ሻይ እንደመጠጣት አይደለም፤ የብዙ እፍኝ ቅጠል ፍሬ ነገር በአንድ ጊዜ ወደ ሆድ ማስገባት ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ሲያነቡ ይህን አይርሱ። ሌላው መመሪያ በሙሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ሲገዙ

በመጀመሪያ ሁለቱን የዘይት ዓይነቶች ይለዩ። ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ጥቁር አዝሙድ ተጨምቀው የሚወጡ ወፍራም ዘይቶች ናቸው፤ ወረቀት ላይ ቢንጠባጠቡ የቅባት ምልክታቸው አይጠፋም። መዓዛማ ዘይት ግን ይተናል። በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉና እስከ ማግስቱ ይተዉት። ሰፊና የሚያንጸባርቅ የቅባት ክብ ከቀረ በሌላ ዘይት ተበርዟል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ ሁሉንም ማጭበርበር አይዝም፤ ርካሹንና የተለመደውን ግን ይይዛል።

ጠርሙሱ ላይ የዕፀዋቱ ሳይንሳዊ ስም፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ጊዜ መጻፍ አለበት። ብርጭቆው ጠቆር ያለ ይሁን። «ለሁሉም በሽታ» ተብሎ የተጻፈበትን አይግዙ። በአገራችን በዚህ ዘርፍ ለረጅም ጊዜ የሠራው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ጠጅ ሳርን፣ ናናንና የጥብስ ቅጠልን የመሳሰሉ መዓዛማ ዕፀዋት ላይ እየተመራመረ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ለገበሬ አውጥቷል። የአገር ውስጥ ምርት ሲያገኙ ከየት እንደመጣ ሻጩን ይጠይቁ።

ለቤት ብዙ ዓይነት አያስፈልግም። የባሕር ዛፍ፣ የናና እና ቲ ትሪ የሚባለው የአውስትራሊያ ዛፍ ዘይት ይበቃሉ። ሽታ ከወደዱ ላቬንደር ይጨምሩ። የጤና አዳምን ዘይት ግን፣ ቢያገኙም፣ ቤትዎ አያስገቡት።

ሲያቀጥኑ

ያልቀጠነ መዓዛማ ዘይት ቆዳ ላይ አይደረግም። ማቅጠኛው ውሃ አይደለም፤ ዘይቱ በውሃ ላይ ተንሳፍፎ ቆዳ ላይ እንዳለ ያርፋል። ማቅጠኛው ወፍራሙ ዘይት ነው። ለጎጃም ሰው እጁ ላይ ያለው የኑግ ዘይት ጥሩ ነው፤ አዲስ የተጨመቀ፣ የማይጎመዝዝ ይሁን። ኑግ ቶሎ ይበላሻልና በትንሽ በትንሹ ይግዙ። ተልባ ከኑግም ይልቅ ይቸኩላል። ጥቁር አዝሙድ ራሱ ኃይለኛ ስለሆነ፣ አንዳንድ ሰው ቆዳው ይቆጣበታል፤ ለማቅጠኛ አልመርጠውም። ቫዝሊንም ይሆናል፤ በጣት እየተጠቀሰ ጠብታው በደንብ እስኪዋሃድ ይታሻል።

ለመለካት ከፋርማሲ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌ ይግዙ። የቤታችን ማንኪያዎች አንዱ ከአንዱ አይገጥሙም፣ በሲሪንጁ ግን ልኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። አብዛኛው ጠብታ ማውጫ በ1 ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ስለሚሰጥ ስሌቱ ቀላል ነው፦ 5 ሚሊ ሊትር የኑግ ዘይት ላይ 1 ጠብታ ከመቶ አንድ እጅ፣ 2 ጠብታ ከመቶ ሁለት እጅ ይሆናል።

ለፊት 1 ጠብታ። ለሰውነት 2 ጠብታ። ለደከመ ጡንቻ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ 3 ጠብታ። ሲበዛ የበለጠ ያድናል የሚለውን ሐሳብ ይተዉት፤ ሲበዛ ቆዳን ያቃጥላል፤ አንድ ጊዜ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ከዚያ በኋላ ትንሹንም ጠብታ አይቀበልም ይሆናል።

ማንኛውንም አዲስ ድብልቅ ከመጠቀምዎ በፊት በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል በጥፍር ስፋት ያህል ይቀቡና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ከቀላ፣ ካሳከከ ወይም ካበጠ ያ ዘይት ለእርስዎ አይሆንም።

ለጉንፋንና ለአፍንጫ መታፈን

እዚህ ላይ ጓሮው ከጠርሙሱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ለአዲስ አበባ ማገዶና ለቤት መሥሪያ ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ለብዙ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ሀብት ነው። ለመታጠን የሚፈለገው ነጩ ባሕር ዛፍ ነው። ለጋ ቅጠሉ ክብ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል አመድማ ሰማያዊ፣ ግንዱን አቅፎ የሚወጣ ነው፤ ሲያረጅ እንደ ማጭድ ይረዝማል። ቅጠሉን ሲያሹት አፍንጫ የሚከፍተው ሲኒዮል የተባለው ንጥረ ነገር ነው።

አንድ እፍኝ ቅጠል በደንብ ይጠቡ። በድስት ውሃ አፍልተው ከእሳት ያውርዱት። ድስቱን ከእሳት ሳያወርዱ አይታጠኑ፤ ጋቢና ነጠላ እሳት ይይዛሉ። ድስቱን በማይነቃነቅ ቦታ ላይ ያስቀምጡ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ጋቢውን ከራስዎ በላይ ጣል አድርገው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ፊትዎን ከድስቱ አንድ ክንድ ያህል አርቀው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይተንፍሱ። ቅጠል ከሌለ ሁለት ጠብታ የባሕር ዛፍ ዘይት በሙቅ ውሃው ላይ ያድርጉ፤ ከሁለት አይበልጥም። ቅጠሉም ጠብታውም በአንድ ላይ አያስፈልግም። አፍንጫው ለጊዜው ይከፈታል፣ እንቅልፍም ይመጣል፤ ጉንፋኑ ግን ዕድሜውን ጨርሶ ነው የሚሄደው።

አስም ያለበት ሰው አይታጠን፤ ሽታው ደረቱን ሊያጠብበት ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበትም ከባሕር ዛፍ ዘይት ይራቅ።

ሕፃናትን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ልጅን በእናቱ ጋቢ ውስጥ አስገብቶ ማጠን በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ድስቱ ሲገለበጥ የሚደርሰው ቃጠሎ ግን ከጉንፋን የከፋ ነው። የባሕር ዛፍም ሆነ የናና ዘይት በሕፃን አፍንጫ፣ ፊት ወይም ደረት ላይ ፈጽሞ አይቀባም፤ ትንፋሹን ሊይዝበት ይችላል። ለሕፃኑ አፍንጫ የሚሻለው ጨው ነው። በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ጨው ይሟሙ፤ ከመመገቡ በፊት በየአፍንጫ ቀዳዳው አንድ ሁለት ጠብታ ያንጠባጥቡ፤ የቀረውን ይድፉ፣ በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ሳል ደግሞ ማር ጥሩ ነው፤ የጎጃም ሰው ማር አያጣም። ከአንድ ዓመት በታች ግን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም። ልጁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጡት አልጠባ ካለ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ያን ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።

ስለ ምችና ስለ ትኩሳት

ምች የመታው ሰው ዳማ ከሴን በእጁ አሽቶ ያሸታል፣ ጭማቂውን በሰውነቱ ላይ ይቀባል፣ በቡናም ይጠጣዋል። ይህ ከንቱ እምነት አይደለም። በአገራችን ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ በተደረገ ሙከራ የዳማ ከሴ ጭማቂ ትኩሳት የማውረድ ባሕርይ አሳይቷል። በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው ይሠራል ማለት ግን አይደለም፤ የተሞከረውም የቅጠሉ ጭማቂ ነው፣ መዓዛማ ዘይቱ አይደለም።

ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ ማሰብ ያስፈልጋል። ሰውየው ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ከሆነ፣ ወይም ከመተማና ከሁመራ የቀን ሥራ ከተመለሰ ገና ሳምንታት ከሆኑት፣ ትኩሳቱን ምች ብሎ ዳማ ከሴ እያሸቱ መጠበቅ አደገኛ ነው። ወባ ሊሆን ይችላል። በጤና ጣቢያ የሚደረገው የደም ምርመራ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ መድኃኒቱም አለ። ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው የጠጅ ሳር ዘይት ትንኝን ለአጭር ጊዜ ያርቃል፤ ሌሊቱን ግን አያደርስም፤ አጎበር ይያዝ።

ለራስ ምታት

ድካምና ጭንቀት ለሚያመጣው የራስ ምታት የናና ዘይት እውነተኛ እገዛ አለው። 5 ሚሊ ሊትር ኑግ ላይ 2 ጠብታ አቅጥነው ግንባርዎንና የጆሮ ግንድዎን በቀስታ ይሹ፤ ከዓይን ያርቁት፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ቀዝቀዝ ሲል ይሰማዎታል። በድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ከአንገት መድረቅ ወይም ከእይታ መደብዘዝ ጋር ከሆነ ግን ቤት አይቆይም።

ለቆዳ

ብጉር ላይ ቲ ትሪ የተመሰከረለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በአውስትራሊያ በ124 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት አምስት ከመቶ የቲ ትሪ ጄል ከታወቀው የብጉር መድኃኒት ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ተነጻጽሮ ነበር፤ ሁለቱም ብጉሩን ቀነሱ፤ ቲ ትሪው ዘገየ፣ ቆዳን ግን ያነሰ አስቆጣ። ለዚህ ብቻ ሲባል ከፊት መጠኑ ወጣ ይባላል፦ 5 ሚሊ ሊትር ላይ 5 ጠብታ፣ ብጉሩ ላይ ብቻ በጥጥ ነካ እየተደረገ፣ በቀን አንድ ጊዜ ማታ። ሳምንታት ይፈጃል። ብጉር የሚወጣበት ሰው ፊቱን ቅቤ አይቀባ፤ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ፊትን ለማቅላት የሚሸጡ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ላይ ደግሞ መዓዛማ ዘይት አይጨምሩ፤ እንዲያውም ቅባቶቹን ራሳቸውን ያለ ሐኪም አይጠቀሙ።

ሎሚ ቆሻሻ ያነሳል ብለው ፊታቸውን የሚያሹ ብዙዎች ናቸው። ሎሚና ጤና አዳም ቆዳ ላይ ቀርተው ፀሐይ ሲመታቸው እንደ እሳት ቃጠሎ የሚያስነሳና ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ የሚተው ንጥረ ነገር አላቸው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የእኛ ደጋ ፀሐይ ደግሞ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ የማይነካ ይመስላል እንጂ ጨረሩ ከቆላው የበረታ ነው። እርሻ የሚውል፣ ገበያ የሚወጣ ሰው እነዚህን በቆዳው ላይ ይዞ አይውጣ።

ለደረቀ ቆዳ የትኛውም መዓዛ ምንም አይጨምርም። የሚሠራው ሰውነት ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን መቀባት ነው። የተሰነጠቀ ተረከዝን ማታ ለብ ባለ ውሃ ነክረው፣ አድርቀው፣ ቫዝሊን ቀብተው ካልሲ አድርገው ይተኙ። አራስ ልጅን የወይራ ዘይት መቀባት ደግሞ የቆዳውን መከላከያ ሊያሳሳ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል፤ ለእሱም ንጹሕ ቫዝሊን ይሻላል።

ስለ እግር ካነሣን አንድ ነገር ዘርዘር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ምሥራቅ ጎጃም በእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ በሚባለው፣ እጅግ ከተጎዱ አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው በእርግማንም በዘር ኃጢአትም አይመጣም፤ በቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግር በመሄድ የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በቆዳ እየገባ የሚያመጣው ነው። ሰው ይህን እግር ይዞ ብዙ ዘይትና ቅጠል ይሞክራል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሰዎች ላይ የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ሕመምና ትኩሳት የሚያመጣውን ማገርሸት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን፣ ንጹሕ ካልሲ፣ ጫማ። መዓዛማ ዘይት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ለስንጥቅ እግር ማቃጠያ ብቻ ይሆናል።

ጭርትና በእግር ጣቶች መካከል የሚላላጥ ቆዳ ፈንገስ ነው። ቲ ትሪ ማሳከኩን ያቀልላል፤ ፈንገሱን ግን በየፋርማሲው የሚገኘው የክሎትሪማዞል ቅባት በተሻለ ያጠፋዋል፤ ቆዳው የዳነ ከመሰለ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት ይቀጥሉበት።

ደብረ ወርቅ በማርያም ገዳሟ ዙሪያ ተማሪ የሚሰበሰብባት አገር ናት፤ የቆሎ ተማሪ ደግሞ በአንድ ጎጆ ብዙ ሆኖ ስለሚያድር እከክ ይጠናበታል። በ2008 ዓ.ም. የድርቅ ጊዜም እከክ በአማራ ክልል በወረርሽኝ መልክ ተሰራጭቶ እንደነበር ይታወሳል። ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ የሚወጣ እከክ በመዓዛማ ዘይት አይለቅም። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ቅባት በጎጆው ያሉት ሁሉ፣ የማያሳክካቸውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መቀባት አለባቸው፤ ልብስና ዳባው በፈላ ውሃ ይታጠብ ወይም ታስሮ ለብዙ ቀን ይቆይ። ለተማሪዎች ቁራሽ የሚሰጥ ሰው ይህንንም ቢነግራቸው መልካም ነው።

ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድን፣ የማያም፣ ቅርፊት ያለው ቁስል ደግሞ ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ይህን በምንም ዘይት አይነካኩት፤ በዘገየ ቁጥር አፍንጫና ከንፈር ይበላል። ጤና ጣቢያው ወደሚታከምበት ሆስፒታል ይልካል፤ በክልላችን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ።

ለጠጉር በቤት የሚዘጋጅ ዘይት

ጠርሙስ መግዛት ለማይፈልግ ወይም ለማይችል ይህ ከሁሉ የምወደው ነው። የጥብስ ቅጠል ቆርጠው በጥላ ሥር እስኪሰባበር ያድርቁ። እርጥብ ቅጠል ዘይቱን ያሻግተዋልና አይቸኩሉ። የደረቀውን በንጹሕ ደረቅ ብርጭቆ ማሰሮ እስከ ግማሽ ሞልተው በኑግ ዘይት ይሸፍኑት። ማሰሮውን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁመው ውሃው ሳይፈላ በጣም በለዘበ እሳት ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ያቆዩት። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥልሉ፣ ቀኑን ጽፈው በጨለማ ቦታ ያስቀምጡ፣ በአንድ ወር ውስጥ ይጨርሱት። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ የራስ ቆዳን በእሱ አሽተው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይታጠቡ። ይህ ዘይት ከመዓዛማው ዘይት እጅግ የለዘበ ነው፤ ስለዚህም መቅጠን አያስፈልገውም። ለምግብ አይሆንም።

ሊጠነቀቁ የሚገባቸው

ነፍሰ ጡር ሴት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መዓዛማ ዘይት ጨርሶ አትቀባ፤ ከዚያም በኋላ ሐኪም ወይም አዋላጅ ሳትጠይቅ አትጀምር። ጤና አዳምን ደግሞ በመድኃኒትነት አትጠጣ፤ ማሕፀንን ያኮማትራል። ስኒ ቡና ላይ ለሽታ የምትጣል አንድ ቅርንጫፍ እንኳ በእርግዝና ጊዜ ብትቀር ይሻላል። በዓይን፣ በጆሮ ውስጥ፣ በብልት፣ በክፍት ቁስል ላይ የትኛውም መዓዛማ ዘይት አይገባም። አይጠጣም፤ በሻይም፣ በማርም፣ በስኳር ላይም አንጠባጥቦ አይወሰድም።

ጠርሙሱን ቁልፍ ባለው ሳጥን ያስቀምጡ፤ ሽታው ከረሜላ የሚመስለው ልጅ ብዙ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የባሕር ዛፍ ዘይት የጠጣ ሕፃን ራሱን ሊስትና ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ከምድጃ፣ ከኩራዝና ከጧፍ ይራቅ፤ ዘይቱ በቀላሉ እሳት ይይዛል።

አደጋ ከደረሰ እንዲህ ያድርጉ። ቆዳ ላይ ያልቀጠነ ዘይት ከፈሰሰ መጀመሪያ በኑግ ዘይት በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለሩብ ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ይታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልሰው ብለው ጣት ጉሮሮው ውስጥ አይክተቱ፣ ጨውም አይስጡት፤ ሲያስመልስ ዘይቱ ወደ ሳንባ ከገባ ጉዳቱ ይብሳል። ወተትም ይቅር። በጎኑ አስተኝተው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። ጠርሙሱንም አብረው ይውሰዱ፤ ምን ዘይት እንደሆነና ምን ያህል እንደጎደለ ሐኪሙ የሚያየው ከዚያ ነው።